የሦስት መኸር ተረትና ሁለቱ ስንኞቼ

ልጄ ቃልኪዳን ለዕረፍት ከጎንደር ወደ መተማ መጥታ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የምትመጣው መንገዱ ሰላም ነው ሲባል ነው፤ አውቶቡሱ ገንዳ ውሃን አለፈ የሚል ስልክ እስኪደርሰኝ ድረስ መቀመጥም መቆምም አይሆንልኝም። ደረሰች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ቀን በላች፣ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፗን ከፍታ ጌሟን ቀጠለች።

ይህን ጌም አውቀዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ጀምራ ስታወራልኝ ኖራለች። አንዲት ሴት በየአገሩ የተበተኑ ወገኖቿን እየለቀመች ወደ ቤታቸው የምትመልስበት ጨዋታ ነው። ሦስት ክፍል አለው። መንታ መንገድ ላይ በተደረሰ ቁጥር ተጫዋቹ ይመርጣል፤ ይህን ሰው ላድን ወይስ ያንን፣ በድልድዩ ልሻገር ወይስ በዋሻው። ቃልኪዳን የመረጠችውን ሁሉ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ሦስተኛው ክፍል እስኪወጣ ዓመታት ጠብቃለች።

እኩለ ቀን ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ጩኸቷን ሰማሁ። ቢላዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

“ምን ሆንሽ?”

“አለቀ፣ እማዬ።”

“ታዲያ እሰይ አትይም?”

“ምኑን እሰይ እላለሁ! ያን ሁሉ መርጬ መርጬ መጨረሻው አንድ ነው። ማንንም ባድን፣ በየትም ባልፍ፣ የሚያደርሰኝ ያው አንድ በር ላይ ነው። አታለሉን!”

ከዚያ ስልኳን አንስታ በሁለት አውራ ጣቷ መጻፍ ጀመረች። ለማን ነው ብላት፣ ታሪኩን ለጻፈው ሰውዬ ነው አለችኝ። ስሙ አለ፣ ፎቶውም አለ። ብዙ ሺህ ሰው እየሰደበው ነው። የጻፍሽውን ተርጉሚልኝ አልኳት። ተረጎመችልኝ፤ እዚህ አልደግመውም።

“አንዱማ ዘፈን አውጥቶበታል፣ ስሚው!” ብላ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋችው። ቋንቋውን አልሰማሁትም። የሚያስቀው ነገር አስቋት በሳቅ ፍርስ አለች።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። የኔ ነው። ቢላውን አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከንስሐ አባቴ በቀር ሙሉውን ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ነገርኳት። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አባቴ ከበለሳ ወርዶ መተማ የሰፈረ ገበሬ ነበር። እርሻችን ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብሎ ወደ ጓንግ ወንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሰሊጥና ማሽላ እናርሳለን። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ የሠራተኞቹን ምግብ ማብሰል ለኔ ተሰጠ። በመኸር ጊዜ አርባ ሰው አበላ ነበር። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር የመጡ አጫጆች ናቸው። የማሽላ እንጀራ፣ ሽሮ፣ የደረቀ ባምያ ወጥ። ውሃ በትራክተር በበርሜል ይመጣል፤ በርሜሉ ፀሐይ ላይ ውሎ የብረት ጣዕም ይይዛል። ያንን ለማጥፋት ከርከዴ የሚባል የደረቀ አበባ እዘፈዝፍበታለሁ፤ ቀይ ሆኖ ሲቀርብላቸው ወንዶቹ ደስ ይላቸው ነበር።

ሰሊጥ አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ባለ በጥቂት ቀን ካልታጨደ ራሱ ተከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። የዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት ይረግፋል። ስለዚህ በመኸር ወቅት ሠራተኛ ማለት ሁሉ ነገር ነው። ገበሬው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ከመኪና የሚወርዱትን አጫጆች ይሻማል። የተሻለ ምግብ አለኝ የሚል አለ፣ የተሻለ ጥላ አለኝ የሚል አለ። እኛ ግን ለሦስት ዓመት ማንንም አልተሻማንም። አያ ፈንታ ነበሩና።

አያ ፈንታ ከጎጃም የሚመጡ፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው ሰው ናቸው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም ነው። ከሌሊቱ ጀምሮ ሲያጭድ የቆየው ሠራተኛ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ማጭዱን ጥሎ ራኩባ ሥር ይገባል፤ ራኩባ የምንለው ከሽመልና ከሣር የሚሠራ ዳስ ነው። እዚያ ምሳ ይበላል፤ ፀሐይ እስክትበርድ ያርፋል። አያ ፈንታ ተረት የሚያወሩት ያን ጊዜ ነው። ቶሎ በልተው እንዲጀምሩ የመጀመሪያው ጭልፋ የሳቸው ነበር። ማንም ቅር አይለውም።

ተረቱ አንድ ነው፤ ረጅም። ዓይነ ስውር እናት አለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ታላቁ ወደ ቆላ ወርዶ ጠፋ። ታናሹ ታላቁን ፈልጎ ሊያመጣላት ስንቁን ይዞ ተነሣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን መንገዱ አያልቅም። አያ ፈንታ ልጁን መንታ መንገድ ላይ ሲያደርሱት በትራቸውን መሬት ላይ ይተክሉና “እሽ ዳኞች፣ በየት ይሂድላችሁ?” ይላሉ። እኛ ጠጠር እያነሣን ከበትሩ ግራ ወይም ቀኝ እንጥላለን። ጠጠር በበዛበት በኩል ልጁ ይሄዳል።

እኔ ድስቱ አጠገብ ቆሜ እሰማ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ከሠራተኞቹ አንዱ “ሴት ልጅ ደግሞ ምን ዳኝነት አላት?” ሲል አያ ፈንታ ዘወር ብለው “የምታበላን ልጅ ሁለት ጠጠር አላት” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጠጠር እጥል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በቤታችን ማንም አስተያየቴን ጠይቆኝ አያውቅም። ልጁ መንገድ ላይ ያገኛት አንካሳ በቅሎ በእኔ ሁለት ጠጠር ሳትጣል ቀረች። ስንቁን ለአንድ ዓይነ ስውር ለማኝ ያካፈለውም በእኔ ሁለት ጠጠር ነው።

የመጀመሪያው መኸር ሲያልቅ ልጁ ወንዝ ዳር ደረሰ። አያ ፈንታ በትራቸውን ነቅለው “ቀሪውን ለከርሞ” አሉ። ሠራተኛው ተንጫጫ። በዓመቱ ግን አንድም ሰው ሳይጎድል ከነጓደኞቹ ተመልሶ የኛን እርሻ ጠየቀ። አባቴ “ይህ ሰውዬ ከትራክተር ይበልጥብኛል” ይል ነበር። በሁለተኛው መኸር ልጁ ወንዙን ተሻገረ፣ በረሃ ገባ፣ ጉድጓድ ዳር ውሃ የምትቀዳ ልጅ አገኘና አጠጣችው። እኔ ያችን ልጅ ራሴን አድርጌ ነበር። ማንም አያውቅም። ክረምቱን ሙሉ ቦኖ ውሃ ስንጠብቅ ተረቱን ለሰፈራችን ልጃገረዶች እነግራቸዋለሁ። “ከዚያስ?” ይሉኛል። “ከርሞ ሲያልቅ እነግራችኋለሁ” እላቸዋለሁ። ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው መኸር አያ ፈንታ ከሌሎቹ ሳምንት ዘግይተው መጡ። ከስተዋል። በዚያ ሐሩር ጋቢ ለብሰዋል። አባቴን ለምነው ማጨዱን ትተው ነዶ ማሰር ያዙ። ሌላ ሰው ቢሆን “ምነው ሰነፉ?” ይባል ነበር፤ ለሳቸው ግን ሁሉም ዝም አለ። ተረቱን ይጨርሱልን እንጂ።

ነገር ግን ተረቱ አጠረ። በየቀኑ ጥቂት ያወሩና የራኩባውን ምሰሶ ተደግፈው ዝም ይላሉ። ጠጠር ጣሉ ማለትም ተዉ። ልጁ በየት ይሂድ ሳይሉን ራሳቸው ይወስዱታል። እኔ ሁለቱን ጠጠሮች በእጄ እንደያዝኩ እቀር ነበር፤ ተናደድኩ። ምግባቸውንም ሳይነኩ ይመልሱልኛል። ኩራት መሰለኝ።

አንድ ቀን ወደ እሳቱ ቀረብ አሉና “የሺዬ፣ ሙቅ ውሃ ታገኚልኛለሽ?” አሉኝ።

“በዚህ ሙቀት ሙቅ ውሃ?” ብዬ ሳቅሁ። “ማገዶ ነው የሌለኝ። በርሜል ውስጥ ያለው ራሱ ሙቅ ነው፤ ከዚያ ይጠጡ።”

“እሽ” አሉና ሄዱ። ማገዶ ነበረኝ።

ያለቀበት ቀን ዓርብ ነበር። ወርኃ ጽጌ ነው፤ ጾም ስለሆነ ምሳው ምስር ነው። የተቆረጠው ሰሊጥ በየቦታው ተደጋግፎ ቆሟል፤ ሂላ እንለዋለን፤ ከሩቅ ሲታይ ሰዎች ለጸሎት የቆሙ ይመስላል። አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ጠቅልለው ተቀመጡና ተናገሩ።

ልጁ በረሃውን ጨርሶ ወንድሙ አለበት ወደተባለው ከተማ ገባ። ጠየቀ። “ወንድምህ በሌላ መንገድ ወደ እናቱ ከሄደ ሰንብቷል” አሉት። ልጁም ተመለሰ። ቤቱ ሲደርስ ወንድሙ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። እናትየው ኮቴ ሰማች። ተነሥታ ሁለቱንም ፊታቸውን በእጇ ዳሰሰች። በየት መጣህ አላለችም። “ውሃ ስጡት” አለች።

አያ ፈንታ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

“ከዚያስ?” አለ ይመር። ይመር ወሎዬ ነው፤ በአጨዳ ጊዜ ዘፈን የሚያወጣ፣ ቀልደኛ።

“ከዚያማ አለቀ።”

“እንዴት ባለ! በቅሎዋስ?”

“በቅሎዋም ደርሳለች።”

“ጉድጓድ ዳር ያለችው ልጅስ? ሳያገባት?”

“ለማኙስ? ስንቁን የበላው? ንጉሥ ሆኖ አይደለም እንዴ የሚገኘው? እኔ እኮ ንጉሥ ነው ብዬ ከዚህ ሰው ጋር ተወራርጃለሁ!” አለ ሌላው።

“እንዲያውማ” አለ ይመር፣ “ልጁ ከቤቱ ባይወጣ ኖሮ ወንድሙን ደጃፉ ላይ ያገኘው የለም ወይ? ሦስት ዓመት በረሃ ለበረሃ ያንከራተቱን ለምንድን ነው?”

ሳቅ ሆነ። አያ ፈንታም ፈገግ ለማለት ሞከሩ። እኔ ጭልፋዬን ይዤ ወደ መካከል ገባሁ። ቦኖው ዳር የሚጠብቁኝን ልጃገረዶች አሰብኩ። ምን ልላቸው ነው? ውሃ ስጡት አለች?

“የኔ ሁለት ጠጠርስ የት ገባ?” አልኳቸው።

አያ ፈንታ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። “ጠጠርሽ አለ” አሉ ቀስ ብለው። “ከእኔ ጋር ነው።”

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም። አርባው ሰው እያየኝ ነው፤ የልቡን የተናገርኩለት መስሎኛል። ግጥም ማውጣት እችል ነበር፤ ለሠርግም ለመኸርም የሰፈሩ ልጆች ከእኔ ነው የሚወስዱት። እዚያው እንደቆምኩ መጣልኝ፦

ሦስት ዓመት ሙሉ ውሃ ቀዳሁ ብሎ፣
ባዶ ገንቦ አመጣ በትከሻው አዝሎ።

የአባቴ እኩያ የሆኑትን ሰው “አመጣ”፣ “አዝሎ” ብዬ እንደ እኩያዬ ጠራኋቸው። ውሃ መቅዳትም የሴት ሥራ ነው፤ በትከሻው ገንቦ አዝሏል የተባለ ወንድ መሳቂያ ነው። ይህን ሁሉ አውቄ ነው ያልኩት። ራኩባው በሳቅ ተናወጠ። ይመር ጭኑን እየመታ “አቤት አንቺ ልጅ! ድገሚው በሞቴ!” አለ። ደገምኩት።

ከሰዓት በኋላ አጫጁ ሲሰለፍ ይመር ግጥሜን ዘፈን ላይ አስገባው። እሱ ሲያወርድ አርባው ሲቀበል፣ ማጭዱም በዜማው ሲያርፍ ከእሳቱ አጠገብ ሆኜ ሰማሁ። አያ ፈንታ ከሰልፉ ኋላ ኋላ እየተከተሉ ነዶ ያስራሉ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ልንገራችሁ። በአጨዳ ዘፈን ስሙ የተነሣ ሰው መልስ ይሰጣል። የተሰደበው በግጥም ይሰድባል፣ ሁለቱም ይስቃሉ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማንም ቂም አይዝም። መልስ ያልሰጠ ግን ተሸናፊ ነው፤ እስኪመልስ ድረስ ይዘፈንበታል። ስለዚህ እኛ እንጠብቅ ነበር። አያ ፈንታን የሚያህል ሰው ግጥም አያጣም። ይመር እየዞረ “መልስ! መልስ!” ይላቸዋል። እሳቸው አንድ ጊዜ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። ጎንበስ ብለው ነዷቸውን ማሰር ቀጠሉ። ሠራተኛው “ተረታ!” ብሎ ጮኸ፤ ግጥሜም ጀምበር እስክትጠልቅ ድረስ ተዘፈነ።

ራት ላይ የመጀመሪያውን ጭልፋ ለይመር ሰጠሁት።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ፈንታ አልነበሩም። አባቴ ተከፍቶ “ሰውዬው ሳይነግረኝ ሄደ?” አለ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ እናቴ ከከተማ በውሃው ትራክተር መጣች። ከመውረዷ በፊት “ፈንታ የት አሉ?” አለችኝ።

“ሄዱ።”

“ወዴት ሄዱ? የወባ ኪኒን አምጥቼላቸው!”

ያን ጊዜ ነገረችኝ። አያ ፈንታ አገራቸው ሳሉ ጀምሮ ታመዋል። ለማጨድ አቅም አልነበራቸውም። ባለፈው ሳምንት እናቴን ብቻዋን ጠርተው ነግረዋታል፤ የታመመ ሠራተኛ ወደ አገሩ ይሸኛልና ለአባቴ እንዳትነግር አስምለዋታል። “ለምን ታዲያ መጡ?” ብትላቸው፣ “ከርሞ መድረሴን እንጃ፣ እሜቴ። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ጠብቀውኛል፤ እንደተንጠለጠሉ አይቅሩ ብዬ ነው” አሏት።

መልስ ያልሰጡት ትንፋሽ አጥተው ነው።

እናቴ ስለ ግጥሙ ከሠራተኞቹ ሰማች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኪኒኑን በእጄ ላይ አድርጋ “ሂጂ ፈልጊያቸው” አለችኝ።

በትራክተሩ እስከ ዋናው መንገድ ሄድኩ። ከዚያ በእግሬ። የጥቅምት ፀሐይ የመተማን መሬት እንደ ብረት ያግለዋል። ሰሊጥ የጫኑ መኪናዎች አቧራ እያለበሱኝ ያልፋሉ። ግራር ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት አገኘሁ።

“ጋቢ የለበሱ አጭር ሰው አላለፉም?”

“ያ የሚንቀጠቀጠው? አልፏል። ሙቅ ውሃ ለመነኝ፤ ስኳር ጨምሬ ሰጠሁት። ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ከዚያ ሾፌሮቹ አዝነው ወደ ጎንደር በሚሄድ መኪና ላይ ጫኑት።” ፊቴን አየችና “አባትሽ ናቸው?” አለችኝ።

“አዎ” አልኩ። ሠራተኛችን ናቸው፣ ሙቅ ውሃ ከልክያቸው ነው የመጡት ማለት አቃተኝ። ሌላ ውሸት በዚያ ላይ ጨመርኩበት።

“እግዜር ይማርልሽ፣ እህቴ” አለችና ለእኔም ውሃ ሰጠችኝ።

ስመለስ አቋራጩን በጎረቤት እርሻ በኩል ያዝኩ። የማላውቃቸው አጫጆች ተሰልፈው ያጭዳሉ። ይዘፍናሉ። ግጥሙን ለየሁት። ባዶ ገንቦ አመጣ። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው የእርሻችንን ድንበር ተሻግሮ ነበር።

ሮጬ ይመርን አገኘሁት። ሁሉን ነገርኩትና “እባክህ አቁምልኝ” አልኩት። ይመር ያሰረው ነዶ ላይ ቁጭ አለ። “የኛን ሰዎች ዝም አሰኛለሁ፣ የሺ” አለ። “የሌላውን እርሻ ግን በምን አባቴ ልይዘው? ግጥም ከአፍ ከወጣ ጌታ የለውም።” ቃሉን ጠበቀ። የዚያን ዓመት ቀሪውን መኸር የኛ እርሻ ያለዘፈን ታጨደ። ሥራው ዘገየ፤ ብዙ ሰሊጥ ረገፈብን። አባቴ ምክንያቱን አውቆ አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ለንስሐ አባቴ ስናገር አለቀስኩ። ጾምም ስግደትም ሰጡኝ፤ አደረግሁት። “ሰውየውንም ፈልጊ” አሉኝ። አገራቸው ጎጃም መሆኑን እንጂ ቀበሌያቸውን አላውቅም። በዓመቱ መኸር ሲደርስ መንገድ ዳር እየቆምኩ ከመኪና የሚወርዱትን የጎጃም ሰዎች ሁሉ ጠየቅሁ። ሠራተኛ የምሻማ መስሏቸው ይስቁብኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን አንድ ጎረቤታቸው የሆነ ሰው ተገኘ።

“ፈንታ? አለ። ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ ከረመና ተነሣ። ቆላ መውረድ ግን ተወ።”

ተመስገን አልኩ። እስከ ዛሬም ተመስገን እላለሁ፤ ሰው ገዳይ አላደረገኝም። ያን ጊዜ ሳልሰጣቸው የቀረሁትን ኪኒን፣ አንድ ጋቢና ደብዳቤ ጨምሬ በዚያ ሰው ላክሁ። ሰውየው ማን እንደሆንኩ ሲያውቅ ሳቅ አለ።

“አንቺ ነሽ እንዴ? ስለ ግጥሙ ነግሮናል።”

“ምን አሉ?”

“‘ልጅቱ ሰደበችኝ፤ ግጥሙ ግን ቤት ይመታል’ አለና ሳቀ። ተረት ግን አያወራም። የሰፈሩ ልጆች ሲለምኑት ‘መጨረሻ አላውቅበትም’ ይላቸዋል።”

ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን አልሰማሁም። የላክሁት ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላውቅም። ያ መጨረሻ ድሮም ያሰቡት ይሁን፣ ወይስ ትኩሳቱ ያሳጠረው፣ እሱንም አላውቅም። ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር። አልጠየቅሁም፤ ገጠምኩባቸው እንጂ።

እኔ ካገባሁ ወዲህም ሰሊጥ እናርሳለን። በመኸር በየቀኑ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ከራኩባው በር ላይ አስቀምጣለሁ፤ የጠየቀኝ ኖረም አልኖረም። ሠራተኞቹ ይስቁብኛል። ቃልኪዳን ከሕፃንነቷ ጀምሮ “እማዬ፣ በዚህ ሙቀት ለማን ነው?” ትለኝ ነበር። ሳልመልስላት ኖሬ ነው ያን ዕለት የመለስኩላት።

ስጨርስ የስልኳ መብራት በእጇ ላይ ጠፍቶ ነበር። “እማዬ፣ የኔው እኮ ይለያል” አለች። “ጌም አንድ ሰው አይሠራውም። መቶ ሁለት መቶ ሰው ነው የሚሠራው።”

“መቶ ከሆኑማ አንዱ ታሞ ይሆናል።”

ሳቀች። ስድቡን ትላከው ትተወው አልጠየቅኋትም፤ ትልቅ ልጅ ናት። በኋላ ግን ወጥ ስታማስልልኝ “ያ ግጥም አሁን ጠፍቷል አይደል?” አለችኝ።

አልጠፋም። ባለፈው ጥቅምት ለምሳ ሳቀርብ አንድ ወጣት አጫጅ ሲያንጎራጉረው ሰማሁ። አንድ ቃል አልተለወጠም። ለማን የወጣ ግጥም ነው አልኩት። “እንጃ፣ እናቴ፣ የድሮ ነው። ለአንድ ሰነፍ ሰውዬ ነው ይላሉ” አለኝ። አያ ፈንታ ሰነፍ አልነበሩም ልለው አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደሆነ ግራ ገብቶት አየኝ። የሦስት ዓመቱን ተረት የሚያስታውስ ሰው በዚህ አገር የለም። የኔ ሁለት ስንኝ ግን እኔ ከሞትኩም በኋላ ሰሊጥ ያጭዳል።

ቃልኪዳን ሰኞ ወደ ጎንደር ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት ተረቱን ከመጀመሪያው እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ በቅሎዋንም፣ ለማኙንም፣ ጉድጓድ ዳር ያለችውንም ልጅ ነገርኳት። መጨረሻውን አያ ፈንታ እንዳሉት አልኩት፤ ምንም አልጨመርኩበትም።

የዚያን ዕለት ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ዋልኩ። መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፤ ደግሞ ተከፍቷል ተባለ። ወደ ማታ ግድም ደወለች።

“እማዬ፣ ደረስኩ።”

በየት እንዳለፈች አልጠየቅኋትም።

“ውሃ ጠጪ” አልኳት።